ለሚለበስ መሣሪያ የቱ ማስቀመጫ ይሻላል? ሚሞሪ ካርድ፣ ኢኤምኤምሲ ወይስ ትንሿ ኖር ቺፕ

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው። ሰንዳፋ አጠገብ ካለ ሜዳ አንድ ሯጭ ልምምዱን ጨርሶ፣ ላቡን በቲሸርቱ እየጠረገ መጣና ደረቱ ላይ ያሰርኩለትን መሣሪያ ፈትቶ ሰጠኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ልቤ ስንት መታ?» አለኝ። ሚሞሪ ካርዱን አውጥቼ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። ፋይሉ አለ። ስሙም ልክ ነው። መጠኑ ግን 0 ባይት ይላል። ልጁ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነስቶ፣ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የሮጠው ሩጫ የለም። ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ካርዱ አልተበላሸም፤ ባትሪውም አላለቀም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ፋይሉን ይከፍታል፣ ቁልፉ ሲጫን ይዘጋል፤ የጻፍኩት እንደዚያ ነበር። ልጁ ማሰሪያውን ሲፈታ የባትሪው ሶኬት ላላና ቁልፉ ሳይጫን ኃይሉ ተቋረጠ። ፋት በሚባለው የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች ካርዱ ላይ በሚደራጁበት መንገድ) ደግሞ የፋይሉ ርዝመት ማውጫው፣ ማለትም የፋይሎቹ ዝርዝር ላይ የሚመዘገበው ፋይሉ ሲዘጋ ወይም ፕሮግራሙ «አሁን አስቀምጥ» ብሎ ሲያዝ ብቻ ነው። መረጃው ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ማውጫው ግን ፋይሉን ባዶ አድርጎ ነው የያዘው። በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ቁርጥራጩን ለቃቀምኩ፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀጥል የሚናገር ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስቀመጫ ስመርጥ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ስንት ጊጋ ነው?» መሆኑ ቀረ። አሁን የምጠይቀው «ኃይሉ በዚህች ሰከንድ ቢቋረጥ ምን ይተርፋል?» ብዬ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያለ ኮምፒውተር በወጉ ይዘጋል። ሰው የሚለብሰው ኮምፒውተር ግን ይፈታል፣ ይወድቃል፣ ላብ ይገባዋል፣ ባትሪው መንገድ ላይ ያልቃል። ማይክሮኤስዲ ካርድን፣ ቦርድ ላይ የሚበየደውን ኢኤምኤምሲን፣ ትንሿን ኖር ቺፕንና ኤፍራም የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሚሞሪ የማነጻጽረው በዚህ ጥያቄ ነው።

ፍላሽ ስንል

እኛ ጋ «ፍላሽ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዩኤስቢ ላይ የሚሰካውን ነው። ስልክ ጠጋኞች ዘንድ ደግሞ «ፍላሽ ማድረግ» ማለት ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፦ ኃይል ባይኖርም የተጻፈበትን የሚይዝ ሚሞሪ። በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ኖር የሚባለውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1984፣ ናንድ የሚባለውን ደግሞ በ1987 ለሙያው ጉባኤ አቅርቧል።

ለእኛ ሥራ ሁለት ጠባዮቹን ማወቅ ግድ ነው። የመጀመሪያው፣ ፍላሽ የክፍል ጥቁር ሰሌዳን ይመስላል። በጠመኔ አንድ ፊደል ብቻ ጽፎ ማቆም ይቻላል፤ ዳስተሩ ግን ካለፈ ሰሌዳውን በሙሉ ነው የሚጠርገው። የሚጻፈው በትንሽ ገጽ፣ የሚጠፋው በትልቅ ብሎክ ነው። ሁለተኛው፣ በተጠረገ ቁጥር ይደክማል። በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ኤስኤልሲ ናንድ ከ50,000 እስከ 100,000 ጊዜ መጠረግን ይችላል። ሦስት ቢት የሚይዘው ቲኤልሲ ከ1,000 እስከ 3,000 ገደማ ነው፤ አራት ቢት የሚይዘው ኪውኤልሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ1,000 አያልፍም። በርካሽ የሚሸጠው ሚሞሪ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ከኋለኞቹ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ግን ይህ አይጻፍም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ቦታ ይገዛል። እስክሪብቶ አውጡና አብረን እናስላ። እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር በሦስት አቅጣጫ፣ ለእያንዳንዱ 2 ባይት፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ቢነበብ በሰከንድ 300 ባይት ይሆናል፤ በቀን 26 ሜጋባይት አይሞላም። በሰከንድ 250 ጊዜ የሚነበብ ባለ 2 ባይት የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት በቀን 43 ሜጋባይት ነው። የልብ ምትንና የእርምጃን ቁጥር በደቂቃ አንዴ በ16 ባይት የሚመዘግብ መሣሪያ ደግሞ በቀን 23 ኪሎባይት ይበቃዋል። ድምፅ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል፤ በ16 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት የተቀዳ፣ ያልታመቀ ድምፅ በሰዓት 115 ሜጋባይት ይበላል። ቪዲዮማ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ብቻ ቢሆን እንኳ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ነው።

እንግዲህ 32 ጊጋባይት ካርድ ለልብ ምልክት ከሁለት ዓመት በላይ ይበቃል ማለት ነው፤ መሣሪያውን ሁለት ዓመት ሳያወልቅ የሚለብስ ሰው ግን የለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳየው ሊኑክስ የሚያስኬድ የእጅ ሰዓት የነበረው ፍላሽ 8 ሜጋባይት ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ የመጣው ጉግል ግላስ 16 ጊጋባይት ይዞ መጣ። ያን ሁሉ ቦታ የጠየቀው በዋናነት ካሜራው ነው። ካሜራ ወይም ማይክሮፎን የሌለው መሣሪያ የምትሠሩ ከሆነ ስለ ጊጋባይት መጨነቅ እዚህ ላይ ይብቃችሁ።

የተደበቀ ሌላ ሒሳብ አለ። 300 ባይቱን በየሰከንዱ «አስቀምጥ» እያልን ወደ ካርድ ብንልክና የካርዱ ገጽ 16 ኪሎባይት ቢሆን፣ ለ300 ባይት ሲባል አንድ ሙሉ ገጽ ያልቃል። በቀን 86,400 ሰከንድ አለ። 26 ሜጋባይት የነበረው 1.4 ጊጋባይት ሆነ፤ ማውጫውን ለማደስ የሚጻፈው ሳይቆጠር ማለት ነው። በአንጻሩ መረጃውን ራም (ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋ ጊዜያዊ ሚሞሪ) ላይ አጠራቅመን በደቂቃ አንዴ 18 ኪሎባይት ብንጽፍ ከሃምሳ እጥፍ በላይ የነበረው ብክነት ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። ዋጋው ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ የመጨረሻዋን አንድ ደቂቃ ማጣት ነው። ሯጩ አንድ ደቂቃ ቢጠፋበት ይቅር ይለኛል። የእኔ ፕሮግራም ግን 100 ደቂቃ ነበር ያጠፋው።

ማይክሮኤስዲ ካርድ፦ ሁሉም ቦታ አለ፣ ግን ጠባዩ አይታወቅም

ሳንዲስክ እ.ኤ.አ. በ2004 ትራንስፍላሽ ብሎ ያወጣት፣ በኋላ ማይክሮኤስዲ የተባለችው 15 በ11 ሚሊሜትር የሆነች ካርድ ዛሬ ከመርካቶ እስከ መገናኛ በየሱቁ አለች። ትልቁ ጥቅሟ መውጣቷ ነው። መሣሪያውን የለበሰው ሰው ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ቢሆን፣ ካርዷን በፖስታ አድርጎ መላክ ይችላል፤ የተቀበለው ሰው ስልኩ ላይ ሰክቶ ያነባታል። የመስክ ጥናት ለምትሠሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካርዷ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በሰከንድ 100 ሜጋባይት» አብዛኛውን ጊዜ የማንበብ ፍጥነት ስለሆነ ለሴንሰር ሥራ አትመልከቱት። እንደ ራስበሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩ ያለ፣ ሊኑክስ ከካርድ የሚነሳበት ቦርድ ከሆነ «ኤ1» የሚለውን ምልክት ፈልጉ፤ ትርጉሙ በሰከንድ ቢያንስ 1,500 ጊዜ እዚህም እዚያም ማንበብ፣ 500 ጊዜ ደግሞ መጻፍ ይችላል ማለት ነው። «ኤ2» ቁጥሩን ወደ 4,000 እና 2,000 ያሳድገዋል፤ ቦርዱ ካልደገፈው ግን ያን ፍጥነት አታገኙም፣ ስለዚህ ሳታረጋግጡ ተጨማሪ ብር አትክፈሉበት። ለማይክሮኮንትሮለር (አንድ ፕሮግራም ብቻ ለሚያስኬድ ትንሽ ባለ አንድ ቺፕ ኮምፒውተር) ደግሞ ከ32 ጊጋባይት አትለፉ። ከዚያ በላይ ያሉት ካርዶች ኤክስፋት በሚባለው ሥርዓት ተሰናድተው ስለሚመጡ ብዙ ትንንሽ ላይብረሪዎች (ተዘጋጅተው የሚገኙ የፕሮግራም ክፍሎች) አይከፍቷቸውም። ለመኪና ካሜራ ተብለው የሚሸጡት፣ ደጋግሞ መጻፍን ይችላሉ የተባሉት ካርዶች ዋጋቸው ትንሽ ከፍ ቢልም እኔ የምገዛው እነሱን ነው።

አሁን ወደ ችግሯ። ካርዷ ውስጥ የራሱ ሥራ ያለው ኮንትሮለር፣ ማለትም ሚሞሪውን የሚያስተዳድር ቺፕ አለ። ድካሙን ለሁሉም ሴሎች ለማካፈል መረጃ ያዘዋውራል፣ ብሎክ ይጠርጋል፣ ይህን መቼ እንደሚያደርግ ደግሞ አይነግራችሁም። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሚሊሰከንድ የሚያልቅ ጽሑፍ አንዳንዴ ብዙ መቶ ሚሊሰከንድ ይወስዳል። የኤስዲ ደንብ ራሱ እስከ 32 ጊጋባይት ላሉ ካርዶች እስከ 250፣ ከዚያ በላይ ላሉት እስከ 500 ሚሊሰከንድ ይፈቅዳል። ድምፅ እየቀዳችሁ ከሆነ 250 ሚሊሰከንድ ማለት 8 ኪሎባይት ራም ላይ መጠበቂያ ቦታ ማለት ነው። ያን ያላዘጋጀ ፕሮግራም ድምፁን ይቆራርጠዋል።

ከዚህ የሚከፋው ኃይሉ በዚያ ማዘዋወር መሃል ከተቋረጠ ነው። አሁን የምትጽፉት ብቻ ቢጠፋ ጥሩ ነበር። ትናንት የተጻፈ፣ ማንም ያልነካው ፋይልም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ኮንትሮለሩ እያዘዋወረ የነበረው እሱን ሊሆን ይችላልና። ፓይ የምትጠቀሙ ከሆነ ዋናውን ክፍልፋይ (ሊኑክሱ ያለበትን የካርዱን ክፍል) ለንባብ ብቻ አድርጉት፤ ራስፒ ኮንፊግ በሚባለው የፓይ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ «ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም» የሚለው ምርጫ ለዚሁ ነው። መረጃችሁን በሌላ ክፍልፋይ ላይ ጻፉ። ማይክሮኮንትሮለር ከሆነ ደግሞ በየደቂቃው «አስቀምጥ» በሉት፣ በየ10 ደቂቃው አዲስ ፋይል ክፈቱ።

የካርድ መሰኪያውንም አትናቁት። ገፋ ሲያደርጉት የሚወጣው ዓይነት ለስልክ ጥሩ ነው፤ ሯጭ በረገጠ ቁጥር ለሚነቃነቅ መሣሪያ ግን አይሆንም። ክዳን ያለው፣ ተንሸራቶ የሚቆለፈው ዓይነት ይሻላል። ላብ ጨው ነው። ስስ የነሐስ እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ሲያበቅል በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መሰኪያውን ከሰውነት በራቀው የሣጥኑ ጎን፣ አፉን ወደ ታች አድርጌ ነው የምሠራው።

ኢኤምኤምሲ፦ ያው ናንድ፣ ግን የተበየደ

ኢኤምኤምሲ በውስጡ እንደ ካርዱ ናንድና ኮንትሮለር ነው፤ የተለመደው መጠኑ 11.5 በ13 ሚሊሜትር ሲሆን በ153 ትንንሽ የቆርቆሮ እንክብሎች ቦርዱ ላይ ይበየዳል። የሚላላ እግር የለውም፤ ላብም ንዝረትም እንደ ካርዱ አያገኘውም። ከካርዱ የሚለየው ለአምራቾች የተሠራ በመሆኑ ነው። ኃይል ሊጠፋ መሆኑን አስቀድሞ የሚነገርበት ትእዛዝ አለው። ከፊሉን በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ እንዲጻፍበት አድርጎ ማሰናዳት ይቻላል፤ ቦታው ይቀንሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል። እኔ ከሁሉ የምወድለት ግን ምን ያህል እንደደከመ መናገሩን ነው። ከ5.0 ደረጃ ጀምሮ ያሉት ከዕድሜያቸው ስንት እጅ እንደሄደ በ10 በመቶ እርከን ያሳያሉ። ተራ ሚሞሪ ካርድ እስከሚሞትባት ቀን ድረስ ዝም ነው የምትለው።

ባዶ ቺፕ ገዝቶ መበየድ ለጀማሪ አይመከርም። ስልክ ጠጋኞቻችን ግን በሙቅ አየር ሲያነሱትና ሲተክሉት ነው የሚውሉት፤ እጃቸው የተፈታ ነው፣ ከእነሱ ጋር መሥራት ያዋጣል። ቀላሉ መንገድ ቺፑ የተተከለበትን ቦርድ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የራስበሪ ፓይ ኮምፒውት ሞጁል 4 መጠኑ 55 በ40 ሚሊሜትር ሆኖ 8፣ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ ይዞ ይመጣል፤ «ላይት» የተባለው ግን የለውም፣ ስትገዙ አስተውሉ። ጉዳቱ ግልጽ ነው። ማስቀመጫው ከሞተ ቦርዱም አብሮ ይሄዳል፤ መረጃ የሚወጣውም በኬብል ወይም በዋይፋይ ብቻ ነው።

ኖር ቺፕ፦ ትንሽ፣ ታማኝ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው

ባለ 8 እግሯን ዊንቦንድ ደብልዩ25ኪው128 እዩ። የምትይዘው 16 ሜጋባይት ብቻ ነው። የምትጽፈው በ256 ባይት ገጽ፣ የምትጠርገው በ4 ኪሎባይት ክፍል ነው። እያንዳንዱ ክፍል 100,000 ጊዜ መጠረግን ይችላል፤ የተጻፈውን ደግሞ 20 ዓመት ትይዛለች ይላል የአምራቹ ሰነድ። ስትተኛ የምትወስደው ከረንት 1 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው። በውስጧ ከእናንተ ተደብቆ መረጃ የሚያዘዋውር ኮንትሮለር የለም። አሁን የታዘዘችውን አሁን ታደርጋለች፤ ያልታዘዘችውን አትነካም።

ልቤን የወሰደችው በዚህ ነው። ኃይሉ በየትኛውም ቅጽበት ቢቋረጥ የሚበላሸው እየተጻፈ የነበረው ገጽ ወይም እየተጠረገ የነበረው ክፍል ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መዝገብ ተራ ቁጥርና የስህተት መፈተሻ ቁጥር ሰጥታችሁ ከመጀመሪያው አድራሻ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው እያዞራችሁ ጻፉ። መሣሪያው ሲነሳ መጨረሻ ላይ ትክክል የሆነውን መዝገብ ፈልጎ ከዚያ ይቀጥላል። ይህን ራሳችሁ መጻፍ ካልፈለጋችሁ ሊትልኤፍኤስ የሚባለው የፋይል ሥርዓት ከመነሻው ለኃይል መቋረጥ ታስቦ የተሠራ ነው።

አንድ ወጥመድ አላት። የእርምጃ ቁጥርን ወይም «እዚህ ደርሻለሁ» የሚለውን ምልክት በየሰከንዱ አንድ ቦታ ላይ እየጠረገ የሚጽፍ ፕሮግራም 100,000 ጠረጋውን በ100,000 ሰከንድ ይጨርሳል። ይህ 28 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያው ቺፕ እየዞረ ሲጻፍ ግን በ300 ባይት ፍጥነት አንድ ዙር የሚያልቀው በ15 ሰዓት ተኩል ነው፤ መቶ ሺውን ዙር ለመጨረስ ከ170 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ቺፗ አንድ፣ መረጃው አንድ፤ የተለየው አጻጻፉ ብቻ ነው።

15 ሰዓት ተኩል ደግሞ ለአንድ የልምምድ ቀን በቂ ነው። በደቂቃ 16 ባይት ለሚመዘግብ የእጅ አንጓ መሣሪያማ ወደ ሁለት ዓመት ይሆናል። መረጃውን ማውጣት ያለባችሁ በገመድ አልባ ስለሆነ የማስተላለፊያ ጊዜውንም አስቡ፤ በብሉቱዝ በሰከንድ 50 ኪሎባይት ብታገኙ 16 ሜጋባይቱ ስድስት ደቂቃ አይሞላም፣ ሯጩ ጫማውን ቀይሮ ውሃ እስኪጠጣ ማለት ነው። ኢኤስፒ32 የሚባለውን፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ ያለውን የማይክሮኮንትሮለር ሞጁል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ 4 ሜጋባይት ኖር ውስጣቸው ስላለ፣ ከፕሮግራሙ የሚተርፈው ቦታ ለትንሽ ምዝገባ ይበቃ እንደሆነ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት እዩ።

ኤፍራም ከፍላሽ ወገን አይደለም፤ ግን ከኖር ጎን መቀመጥ ይገባዋል። መጠረግ አያስፈልገውም፣ ሲጽፍ አያስጠብቅም፣ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ቢጻፍበትም አይደክምም። ቦታው ግን ብዙውን ጊዜ ከ32 እስከ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ነው፤ ዋጋውም ለዚያች ቦታ ውድ ነው። ያን በየሰከንዱ የሚለወጥ የእርምጃ ቁጥር እዚህ አስቀምጡት።

ስለ ዩኤስቢ ፍላሽና ላፕቶፕ ውስጥ ስለሚገባው ፈጣን ማስቀመጫ፣ ስለ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ዩኤስቢው ጎልቶ ይወጣል፣ ልብስ ይይዘዋል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። ኤስኤስዲው ዋት የሚበላና የሚሞቅ ስለሆነ በጀርባ ቦርሳ ለሚያዝ፣ ቪዲዮ ለሚያቀነባብር ኮምፒውተር እንጂ ለደረት ማሰሪያ አይሆንም።

ባትሪውና ሬዲዮው

የገመድ አልባ መሣሪያ ላይ ማስቀመጫው ብቻውን አይኖርም። ኢኤስፒ32 በዋይፋይ ሲልክ እስከ 240 ሚሊአምፔር ሊስብ ይችላል። ማይክሮኤስዲ ካርድ ሲጻፍበት እንደ ፍጥነቱ 100፣ አንዳንዴም 200 ሚሊአምፔር ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲገጣጠሙ ትንሿ 200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ቮልቴጇ ዝቅ ይላል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ ካርዱ ደግሞ ጽሑፍ መሃል ላይ ነበር። በዚህ መንገድ የሚጠፋ ፋይል ምክንያቱን ለማግኘት ያስቸግራል፤ ባትሪው ሙሉ ሲሆን አይከሰትም፣ ግማሽ ሲሆን ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ እየጻፈ እንዳይልክ፣ እየላከ እንዳይጽፍ አድርጉ፤ ከካርዱ መሰኪያ አጠገብም 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብየዱ።

ካርዱ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥም ይበላል፣ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ካርድ ከካርድ በጣም ይለያያል። 1 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስድ ያችን ባትሪ በ200 ሰዓት ብቻውን ይጨርሳታል። ስለዚህ በሚሊአምፔር መለኪያ ለኩት። ኃይሉን በትራንዚስተር የምትቆርጡት ከሆነ የመገናኛ ፒኖቹንም ዝቅ አድርጉ፤ ያለዚያ ካርዱ በፒኖቹ በኩል ከረንት እየሳበ በግማሽ ነፍስ ይቆያል።

«ዋይፋይ እያለ ማስቀመጫ ለምን?» የሚል ካለ፣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ሬዲዮ ደግሞ ከሁሉም በላይ ባትሪ የሚበላ ክፍል ነው። አጠራቅሞ በአንዴ መላክ በየሰከንዱ ከመላክ በብዙ ይቀላል። ተቀባዩ «ደርሶኛል» ሳይል ግን አንድ ባይት እንዳትጠርጉ።

የጤና መረጃ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ካርድ ከመሣሪያው ወጥቶ በማንም እጅ ይነበባል። የሰው ልብ ምት፣ የሄደበት መንገድ፣ የተኛበት ሰዓት አደራ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም እንዲህ ያለውን መረጃ የሚይዝ ሰው ላይ ግዴታ ጥሏል። ፍላሽ ላይ «ዲሊት» ማለት መረጃውን ወዲያው አያጠፋውም፤ ስለዚህ ሲጻፍ ጀምሮ መመስጠር፣ ለማጥፋት ሲፈለግ ቁልፉን ማጥፋት ይሻላል።

እኔ ብሆን

የእጅ አንጓ ወይም የደረት ሴንሰር፣ ድምፅና ምስል የሌለው፣ በየቀኑ የሚወርድ ከሆነ ኖር ቺፕ፤ ጥርጥር የለኝም። ሴንሰሩ ብዙ ሆኖ ሰዎቹ ለሳምንታት ከናንተ የሚርቁ ከሆነ ማይክሮኤስዲ ካርድ ከሚቆለፍ መሰኪያ ጋር፣ ኖር ደግሞ ከጎኑ፦ መጀመሪያ ኖሩ ላይ ይጻፋል፣ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ካርዱ ይገለበጣል፣ ካርዱ ላይ በትክክል መጻፉ ከተነበበ በኋላ ብቻ ከኖሩ ይጠረጋል። አሁን ለሯጮቹ የምሠራው ይህን ነው። ካሜራ ያለው፣ ሊኑክስ የሚያስኬድ መነጽር ወይም የትከሻ ኮምፒውተር ከሆነ ኢኤምኤምሲ ያለው ቦርድ። ለሙከራና ለትምህርት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፓይ ዜሮ 2 ደብልዩና ኤ1 ካርድ ይበቃል፤ ካርዱን ግን በየሳምንቱ ኮፒ አድርጉ።

ካርድ ስትገዙ ፎርጅድ ብዙ ነው። 128 ጊጋባይት ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ ግን በውስጡ 8 ብቻ ያለው ካርድ አለ፤ 8 ከሞላ በኋላ የምትጽፉት ሁሉ ወደ ባዶ ይሄዳል፣ ካርዱም ምንም ስህተት አይናገርም። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብልዩ፣ በሊኑክስ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ካርዱን እስከ ጥግ ሞልተው መልሰው ያነባሉ። ሻጩን «ፈትሼ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብላችሁ ውሰዱ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

የመጨረሻው ሥራ ባትሪውን መንቀል ነው። መሣሪያው እየመዘገበ ሳለ፣ ያለምንም ማስጠንቀቂያ፣ 50 ጊዜ ንቀሉት፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ 25፣ ሊያልቅ ሲል 25። በነቀላችሁት ቁጥር መሣሪያውን አስነስታችሁ የመጨረሻውን ተራ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከመሃልም የጎደለ ቁጥር እንዳለ ቁጠሩ። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በካርድ ብቻ ስሞክር 31ኛው ላይ ካርዱ ጭራሽ አልከፍት አለ። ኖሩ ከተጨመረ በኋላ 50ውም አለፉ፤ በእያንዳንዱ የጠፋው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነበር። በማግስቱ ሌሊት መሣሪያውን ይዤ ወደ ሰንዳፋ ሄድኩ።